አርባ ስምንት ሰዓት ጠብቁ

«ዌብሳይታችን በስልኬ ዳታ አዲሱን ይከፍታል፣ በቢሮው ዋይፋይ ያው የድሮው ነው። ምን ሆኖ ነው?» ምን ይሆናል፣ ኔምሰርቨሩ ነዋ! ከካዛንቺስ እስከ መስቀል ፍላወር ኮምፒውተር ነካክቶ እንጀራ የሚበላ ሁሉ ይህችን ጥያቄ በእንቅልፍ ልቡም ይመልሳታል። ችግሩ፣ መልሱ ለጠያቂው አይዋጥለትም።

የዶሜይን ኔምሰርቨር፣ ማለትም የዌብሳይቱን አድራሻ ለጠያቂ የሚናገረው ሰርቨር፣ ሁለት ቦታ ይጻፋል፤ ከላይ፣ ለምሳሌ በዶት ኮም መዝገብ ላይ፣ ከታች ደግሞ ራሱ ሰርቨሩ ላይ ባለው የዞን ፋይል ውስጥ። ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1987 የዲኤንኤስን ደንብ ሲጽፍ የሁለቱ ወገን ኃላፊዎች መዝገባቸውን አስማምተው እንዲይዙ አሳስቧል። ማን ሰምቶት! ሆስቲንግ የቀየረው ሰው የታቹን ያስተካክልና የላዩን ይረሳዋል። ዲግ በሚባለው መፈተሻ ስናይ ላይኛው የድሮውን ስም ይጠራል፣ ታችኛው አዲሱን። አድራሻውን ለተጠቃሚው ከሚጠይቁት ሪዞልቨሮች አንዱ የላዩን ይዞ ይነጉዳል፣ ሌላው የታቹን ያምናል፤ የድሮው ሰርቨርም ሂሳቡ እስኪዘጋ ድረስ ያለ እፍረት መልስ ይሰጣል። እሱ ዘንድ የገባ ኢሜይል ደግሞ ወጥቶ አይመጣም። የስንቱ ፕሮፎርማ እዚያ ቀርቷል!

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲነሳማ ባሰ። ቢሮው ውስጥ የራሱን ኔምሰርቨር ያቆመ አንድ ደንበኛ ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ ቋሚ አይፒው ተቀየረ። ከላይ ያለው መዝገብ ግን ሰው ወደ ፈረሰው ቢሮ ይልካል። ሁለተኛው ሰርቨር ሌላ ቦታ ስለነበር ገጹ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይንቀራፈፋል። ጭራሽ ቢጠፋ እኮ ቶሎ ይገኝ ነበር።

ከሁሉ የሚያንገበግበው «48 ሰዓት ጠብቁ» የምትባለዋ ነገር ናት። የዶት ኮም መዝገብ የሚሰጠው መልስ እስከ 172,800 ሴኮንድ በትውስታ ይያዛል፤ ሁለት ቀን ማለት ነው። እሺ፣ ላይኛው ከተስተካከለ ይጠበቅ። ካልተስተካከለስ? ዓመት ቢጠበቅ ምን ያመጣል? የዶሜይን ሻጩ የደንበኛ አገልግሎት ግን ሳያይ ይመልሳል፣ እኛም ተጨቅጭቀን ሲደክመን ያችኑ ለደንበኛው እንደግማለን።

እናስተካክለው ስንል ቁልፉ የለም። ዶሜይኑን ያወጣው ልጅ በራሱ ጂሜይል አስመዝግቦ፣ ክፍያው በዶላር ስለሆነ በዘመድ ካርድ አስከፍሎ፣ ዛሬ ቶሮንቶ ነው። እኛ ስንሠራ እሱ ተኝቷል። ማረጋገጫ ኮዱ የሚላከው ድሮ ወደያዘው ሲም ነው፤ ሲሙን ማን እንደያዘው እንጃ። በስንት ልመና ተገኝቶ ሁለቱ መዝገቦች ሲስማሙ ደረሰኝ ይዘን ወደ ድርጅቱ ባለቤት ወደ ጋሼ እንሄዳለን።

ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ያዩታል። «ሁለት መስመር ነው እኮ የቀየራችሁት» ይላሉ።