የኛ ዘመን ቆሎ ጥርስ አይሰብርም ነበር

እናንት እኩዮቼ፣ ወገቤን ጉልበቴን ስትሉ የምታመሹ ወገኖቼ፣ እስቲ ፍረዱኝ። የታክሲውን ሰልፍ ችዬ ነበር። የሽንኩርቱን ዋጋ ችዬ ነበር። «እንደምን አደሩ» የማይል ጎረቤት መብዛቱንም እያጉረመረምኩ ችዬው ነበር። አሁን ግን ጥፋቱ አፍ ውስጥ ገባ። የዘንድሮ ተማሪ ምግብ አይበላም፤ ይቆረጥማል።

በኛ ሰፈር፣ ጉለሌ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ሲሆን የትምህርት ቤቱ ደወል ይደወላል። ደወሉ ሳያባራ ዩኒፎርም የለበሰው ሁሉ ወደ ሱቅ ይግተለተላል። ቺፕሱ በሲባጎ ተሰክቶ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከፍታው ልክ የ13 ዓመት ልጅ ዓይን ጋ ነው። ምስርና ሽሮውም አለ፣ እሱ ባንኮኒው ሥር ነው። ልጁ ከረጢቱን ሲቀደው ግማሹ ነፋስ ሆኖ እስ ብሎ ይወጣል። ነፋስ በብር ይገዛሉ፣ ወገኖቼ! ከዚያ ቀዩን ዱቄት ከጣታቸው ይልሳሉ። በኛ ጊዜ ጣት የሚላሰው ለዶሮ ወጥ ነበር፣ እሱም በዓል ሲሆን፣ እሱም ታላቅ ሳያይ። ከቺፕሱ ጎን ደግሞ ዳቦ ውስጥ ድንች ጥብስ ጠቅጥቀው በዘይትና በዳጣ የሚያርሱት እርጥብ የሚባል ነገር አለ። መጥበሻው ላይ ያለው ዘይት ከጠዋት ጀምሮ እየጠቆረ ቆይቶ ማታ ቡና ይመስላል።

እኛ እኮ እንዲህ አልነበርንም። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በሶ በጥብጣ ሳታጠጣን ከደጅ አታስወጣንም። ኪሳችን ቆሎ ነበር፤ የዚያ ዘመን ቆሎ ደግሞ ለስላሳ ነው፣ ጥርስ አይሰብርም። የጥርስ ሐኪሙ መንጋጋዬን አይቶ «ሸንኮራና ከረሜላ ነው የጨረሰዎት» ይለኛል። ምን ያውቃል፣ የትናንት ልጅ! ከትምህርት ቤት ስንመለስ የሰው ማሳ ገብተን የሽምብራ እሸት እንነጭ ነበር፤ የተሰረቀው እሸት እንኳ ጤና ነበረው። ስሙኒ እጄ ከገባች ፓስቲ እገዛ ነበር። እሱ ግን ከዛሬው ጋር አይወዳደርም። ዘይቱ የኑግ ነው፣ የሚጠቀለለውም በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ስለሆነ እየበላን እናነብ ነበር። ኮካ ኮላም ቢሆን በፈረንጆቹ 1959 አዲስ አበባ ውስጥ መመረት ሲጀምር በወጉ ነው የመጣው። ጠርሙሱ መስታወት ነው፣ ባዶውን ሳትመልስ አትሄድም። ሰው ነበርን።

ነርስነት የምትማረው የልጅ ልጄ «አባባ፣ ልጆቹን ብቻ አይቆጡ፣ ስለሚርባቸው ነው» ትለኛለች። እሺ፣ ይራባሉ። ይኼን አልክድም። ጠዋት ወላጅ ታክሲ ለመያዝ ሲሮጥ ቁርሱ ይቀራል፣ የቁርሱ ገንዘብ ግን ልጁ እጅ ላይ ይቀመጣል። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ ተጀምሮ ታናናሾቹ እስከ 8ኛ ክፍል ይመገባሉ፤ 9ኛ ሲገቡ ሳህኑ ይቀራል። እንግዲህ ልጅ ቁመቱ እንደ ሸንበቆ የሚመዘዘው፣ ሌማት ሙሉ ቢያቀርቡለት የማይጠግበው በዚያው ዕድሜ ነው። በዚያ ላይ የማጠናከሪያ ትምህርት እየተባለ እስከ 11 ሰዓት ያቆዩታል። ምሳውን 6 ሰዓት የበላ ልጅ እስከዚያ ምን ይሁን? ብርቱካን እንዳይገዛ የኪሎውን ዋጋ ታውቁታላችሁ። ሃያ ብር ይዞ የሚገባበት ያው ሱቁ ነው።

ግን ረሃብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምሳ ዕቃው ባዶውን ይመለስ ነበር። የወንዱ የልጅ ልጄ እናት ማለዳ ተነሥታ፣ ሽንኩርት አቁላልታ፣ ለጋ ቅቤ ጠብ አድርጋ ፍርፍር ትሠራለታለች። ጠዋት ይዞት ይወጣል፣ ማታ እንደተከደነ ይዞት ይገባል። «አንተ ልጅ፣ ምን ሆነህ ነው?» ብለው፣ «አባባ፣ ስከፍተው ይሸታል ይሉኛል» አለኝ። የቅቤ ሽታ ነውር ሆነ! እረፍት ላይ አንዱ ከረጢት ይቀዳል፣ አምስቱ እጃቸውን ይሰዳሉ፤ ነገ የሌላው ተራ ነው። ተራው ደርሶ ያልገዛ ስሙ ቆንቋና ይሆናል። ነገሩ መክሰስ አይደለም፣ ዕቁብ ነው። ዕቁብ የገባ ልጅ ደግሞ ብቻውን ጥግ ይዞ እንጀራ አይጠቀልልም። ፍርፍሩ እንዳይደፋ ብዬ ማታ ማታ እኔ እበላዋለሁ፣ ከእራቴ በኋላ። በለስላሳ ካላወራረድኩት ግን ሆዴን ይነፋኛል።

ስልኩን አታንሱብኝ። ቲክቶክ ላይ አንዲት ልጅ ቀይ ኢንዶሚ እየበላች ታለቅሳለች፤ በማግሥቱ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ኢንዶሚ ገዝቶ ያለቅሳል። ሰው ሲበላ ማየት እኮ ነውር ነበር! ዓይን እንዳይገባ እየተባለ የሚበላ ሰው በነጠላ ይከለል ነበር። ዛሬ ሚሊዮን ሰው እያያት ትጎርሳለች። ይህን በስማ በለው አይደለም የምነግራችሁ፤ ራሴ እስከ እኩለ ሌሊት እየተመለከትኩ ያረጋገጥኩት ነው።

ጾሙስ? ሁዳዴ 55 ቀን ነው። እኛ እስከ 9 ሰዓት አፋችን ውኃ ሳይነካ እንማር ነበር፣ ያውም አንደኛ እየወጣን፣ ሁላችንም። የዘንድሮው ቺፕሱን ገልብጦ ያነብና «አባባ፣ ወተት የለበትም፣ የጾም ነው» ይለኛል። የትምህርት ቤቱን መጽሐፍ እንዲህ ቢያነበው የት በደረሰ!

ነርሷም ማንበብ ትወዳለች። ግማሽ ሊትሩን የፕላስቲክ ኮላ አንሥታ 53 ግራም ገደማ ስኳር አለበት አለችኝ፤ 13 የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እንደ ፈረንጆቹ ባወጣው ምክር የሚጨመር ስኳር በቀን ከሚገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች መሆን አለበት፣ ከ5 በታች ቢሆን ደግሞ ይሻላል። ለአዋቂ ሰው 10 በመቶው 50 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ልጁ አንዷን ጠርሙስ ሲጨርስ የቀኑ ድርሻው አብሮ አለቀ። ሰምቼ ደነገጥኩ፣ ሻዬን ፉት አልኩ። «እርስዎስ አራት አራት ማንኪያ የሚጨምሩት?» አለችኝ። እሱ ሌላ ነው፤ ሻይ ትኩስ ስለሆነ ስኳሩን ያጠፋዋል።

መንግሥትም በ2012 ዓ.ም. ባወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ለስላሳን ታክስ ከሚከፈልባቸው መድቦታል። ልጆቹን አላሳቀቃቸውም። የተሳቀቅኩት እኔ ነኝ፣ በሣጥን የምገዛው እኔ ነኛ።

ዋናውን ጥፋት ከጠየቃችሁኝ ግን ገንዘቡ ላይ ነው። ለልጅ ጥሬ ብር መስጠት ማባለግ ነው። እኔ በዕድሜዬ ለልጅ የኪስ ገንዘብ ሰጥቼ አላውቅም። መድኃኒት ወይም የስልክ ካርድ ልኬው «መልሱን ያዘው» ማለት የኪስ ገንዘብ አይባልም፤ የእግሩ ዋጋ ነው። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ብልከውም ያው የእግሩ ዋጋ ነው።

እንግዲህ ዝም ብሎ ማልቀስ ስለማይሆን ለወረዳው አቤቱታ ጽፌያለሁ። ከትምህርት ቤት ደጃፍ ቺፕስና ለስላሳ የሚሸጡ ሱቆች ይነሡ የሚል ነው። ባሻገር ያሉትን ማለቴ ነው። ወዲህ ያለው የኔው አጥር ውስጥ ስለሆነ በደጃፍ አይቆጠርም፤ ተከራዩም ጨዋ ልጅ ነው፣ ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን ኪራዬን አምጥቶ ይስመኛል። ባሻገር ያሉት ከተነሡማ ገበያው ይሰፋለታል፣ ኪራዩን ትንሽ ብጨምርበትም አይከፋውም። የፊርማውን መዝገብ እዚያው ባንኮኒው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ለልጆቻችን ስትሉ ግቡና ፈርሙ። ብዕር ልጁን ጠይቁት። ፀሐዩ ከከበዳችሁ ፍሪጁ ውስጥ ቀዝቃዛ ለስላሳ አለ፤ ጠርሙሱን መመለስ ብቻ እንዳትረሱ።