ማማ በዶላር

ልጅ ሳለሁ ማሽላ ስጠብቅ የማድረው ማማ ላይ ነበር። ቀን ወፍ በወንጭፍ፣ ማታ ጃርት በጩኸት ሳባርር ከርሜ ደመወዜ አንድ እሸት ነው። ባለፈው ክረምት ግን ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ፣ ኤዲስቶ ወንዝ ዳር፣ ከሦስት አብሮ አደጎቼ ጋር ዛፍ ላይ ለማደር ከፈልኩ። ያውም በዶላር!

እዛፉ ዘንድ ለመድረስ ቀኑን ሙሉ መቅዘፍ ነበረብን። ጣናን በደንገል ታንኳ እንጨት ጭኖ የሚያቋርጠው ሰው ይህን ሥራ ይለዋል፤ እኛ ‘ቫኬሽን’ አልነው። የኤዲስቶ ውሃ ቅጠል ስለሚዘፈዘፍበት ሻይ መስሏል፤ አዞም አለበት። ከኋላዬ የተቀመጠው ወዳጄ መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ‘ግራ! ቀኝ!’ ይላል፤ በመሀል ራሱን ፎቶ ያነሳል።

ማታ መብራት የለም፣ ቧንቧ የለም። “እንዴት ደስ ይላል!” አሉ፤ አዲስ አበባ ሳሉ መብራት በጠፋ ቁጥር ሲራገሙ የኖሩት ሰዎች።

በነጋታው እናቴ ደውላ “የት አደርክ?” አለችኝ።

“ማማ ላይ።”

“ምን ልትጠብቅ?”

መልስ አጣሁ። እናንተ ግን ማማ ያላችሁ እንዳታፈርሱት፤ ዋጋው ጨምሯል።