ሞድ

አክስቴ ሾላ ገበያ ቅቤ ስትገዛ ማየት ነው። ከኮባው ላይ በጥፍሯ ትቆነጥርና መዳፏ ላይ ታሸዋለች፣ ታሸታለች፣ በምላሷ ጫፍ ትነካለች፣ ከዚያ ሻጩን ቀና ብላ ታየዋለች። አንዴ ሙዝ የተለወሰበት ሸጠውላታል፤ ዓመታት አልፈዋል፣ ቂሙ ግን አልቀለጠም። ሦስት ነጋዴ ንቃ ከአራተኛው ገዛች።

ወደ ታክሲ ስንሄድ ሞባይል ቤት ጎራ አልን። ማስታወቂያ እያቋረጠ ያስመረራትን የቪዲዮ አፕ በ«ሞድ»፣ ማለትም ሌላ ሰው በነካካው ቅጂ፣ እንዲቀይሩላት ነው። ልጁ ከቴሌግራም ያወረደውን ፋይል ልኮ ሊጭን ሲል ስልኩ «አልተጫነም» አለ።

ስልኩ እውነቱን ነበር። አንድሮይድ ላይ የሚጫን አፕ ሁሉ የሠሪው ዲጂታል ማኅተም አለበት፤ ማኅተሙ ከራሱ ከይዘቱ ተሰልቶ ስለሚወጣ አንዲት ፊደል ብትነካ አይገጥምም። የነካካው ሰው በገዛ ማኅተሙ መልሶ ያሽገዋል እንጂ የባለቤቱን ቁልፍ ከየት ያመጣል? ስልኩ ደግሞ በነበረው አፕ ላይ አዲሱን የሚጭነው የሁለቱም ማኅተም ከአንድ ቁልፍ የወጣ ሲሆን ነው።

«ተበላሸ እንዴ?» አለች አክስቴ።

«አይ እትዬ፣ የድሮው ነው ያስቸገረው» ብሎ ትክክለኛውን አፕ አጠፋው። የሚያመሳክርበት ማኅተም የጠፋበት ስልክ ምን ይበል፤ ተቀበለ። የስልኩ ጠባቂ ፕሌይ ፕሮቴክት ሊያስጠነቅቅ ብቅ ቢል እሱንም ዘጋው። ዘበኛው «ሌባ ያዝኩ» ሲል ዘበኛውን ማባረር፤ ለዚያውም 50 ብር ከፍለን።

በአራዳ ቋንቋ ሞድ መያዝ ማሾፍ ነው። አፑን ሞድ ያደረገው ሰው ማን ላይ ሞድ እንደያዘ እንግዲህ እናንተ ፍረዱ።

ማኅተምም ቢሆን ሁሉን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2020 የሶፍትዌር ድርጅቱ የሶላርዊንድስ ጉድ ሲወጣ፣ ሰርጎ ገቦች የመረዙት ማሻሻያ የድርጅቱን የራሱን ማኅተም ይዞ እስከ 18,000 የሚደርሱ ደንበኞች ዘንድ ገብቶ ተገኘ። ሙዙ የተለወሰው ገና ቅቤው ሲናጥ ነው፤ ያንን የአክስቴም ጥፍር አያገኘውም። እኛ ግን መች እዚያ ደረስን፤ የእኛ ሙዝ ከነልጣጩ ነው።

ታክሲ ውስጥ አፑን ከፈተችው። መልእክቶችሽን ላንብብ ይላል። «ቪዲዮ ማሳያ የባንክ ኮድ የሚገባበትን መልእክት ምን ያደርግለታል?» አልኳት።

«ከጠየቀዎት ፍቀድ የሚለውን ይንኩት ብሎኛል ልጁ» ብላ ነካችው። ከዚያ መዳፏን ደግማ አሸተተች። ቅቤው እንከን የለውም።