ቡትሎደሩንም ጨምርበት

ሐረር ውስጥ የዲሽ ሪሲቨር ሊያሠራ የሄደ ሰው «ምን ነካው?» ብሎ አይጨነቅም፤ በሽታው ሺህ ቢሆን መድኃኒቱ አንድ ነው። ምስሉ ተቆራረጠ? ፍላሽ ይደረግ፣ ማለትም ሶፍትዌሩ እንደገና ይጻፍበት። ሪሞቱ እምቢ አለ? ፍላሽ። የሌሊቱ ንፋስ ዲሹን አዙሮት ሲግናል ጠፋ? ጣራ ላይ ከመውጣት እስቲ እሱንም አንዴ ፍላሽ አድርገን እንየው። ቻናሎቻችን 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ወደ ኢትዮሳት በተሰበሰቡ ጊዜ የሚያስፈልገው ዲሹን ማዞርና ቻናል መፈለግ ነበር፤ ለዚያም ፍላሽ ያዘዙ ሐኪሞች አልጠፉም። ምስጋናው ለፍላሹ ሆነ፤ ጣራ ላይ የወጣውን ልጅ ያስታወሰው የለም።

የሙያው ቁንጮ የሚታየው ግን የአፕግሬድ ገጹ ሲከፈት ነው። ገጹ ሰነፍ ሰው የጻፈው ይመስል ምርጫ ያበዛል፦ ዋናውን ሶፍትዌር ብቻ፣ የቻናል ዝርዝሩን ብቻ፣ የመነሻ ሥዕሉን ብቻ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሁሉንም፣ ቡትሎደሩን ጨምሮ። የሱቁ ሊቅ ቀስቱን ወደ ታች ያወርዳታል፣ ያወርዳታል፤ የመጨረሻዋ መስመር ላይ ሲደርስ ፊቱ ይበራል። «ቡትሎደሩንም ጨምርበት፣ ያው አንዴ ይታደስ!» ግማሽ ሥራ አይወድም።

ለማያውቅ ላስረዳ። ሪሲቨሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃው ፋብሪካ ውስጥ ቺፑ ላይ ለዘላለም የታተመ ትንሽ ኮድ ነው። እሱ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከፍላሽ ቺፑ መጀመሪያ ላይ ሁለተኛውን ጫኝ፣ ማለትም ቡትሎደሩን፣ አንስቶ መጥራት። ቡትሎደሩ ራሙን ያስነሳል፣ ታጭቆ የተቀመጠውን ዋና ሶፍትዌር ይፈታል፣ ከዚያ ቻናሉ ይመጣል። ዋናው ሶፍትዌር ቢበላሽ እንኳ ቡትሎደሩ በሲሪያል ኬብሉ በኩል «አዲስ ፋይል ካለህ ላክልኝ» ብሎ ይጠብቃል። በሐረር አሚሮች ዘመን የከተማዋን ግንብ፣ የጁገልን በሮች ማታ የሚዘጋ፣ ጠዋት የሚከፍት በረኛ ማለት ነው። የእኛ ሰው ገበያውን ለማደስ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያሰናብተው በረኛውን ነው።

ተተኪው ከየት ይመጣል? ከጓደኛ ፍላሽ ዲስክ። ፋይሉ የማን እንደሆነ አይጠየቅም፤ የሳጥኑ ቀለምና ስም ከተመሳሰለ ዘመድ ነው። አንድ ዓይነት ስም ለብሰው ከድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የመጡ ሁለት ሪሲቨሮች ሆዳቸው ሲከፈት የአንዱ ራም ሌላ፣ የሌላው ቱነር ሌላ መሆኑ ሊቁን አያስጨንቀውም። የራሙ የጊዜ ልክ ቡትሎደሩ ውስጥ ተጽፏል፤ ልኩ የሌላ ቦርድ ከሆነ ራሙ አይነሳም፣ ራሙ ካልተነሳ ምንም አይነሳም። እንዲህ ያለው ዝርዝር ለሚያነቡ ሰዎች ነው። ፍላሽ ቺፑ ላይ ያለው ደግሞ መጀመሪያ ይጠፋል፣ አዲሱ ቀጥሎ ይጻፋል፤ መሀል ላይ መብራት ቢሄድስ? አይሄድማ! ሐረር ላይ መብራት ሄዶ ያውቃል?

ከዚያ ከፊት ያለችው ቀይ መስኮት «ቡት» ብላ ትቀራለች። ምርመራው ይጀመራል።

«እማ፣ ይሄ ዕቃሽ ድሮውንም ጤነኛ አልነበረም።»

«ትናንት ማታ እኮ ዜና ሳይበት ነው ያመሸሁት!»

«እሱን ነዋ የምልሽ! ሊሞት ሲል ይደምቃል። አቦ፣ አዲስ አለልኝ፤ ላንቺ ብዬ ቀንሼ እሰጥሻለሁ።»

በዚህ ንግግር ውስጥ ጥፋተኛ የለም። ዕቃው በዕድሜው ሞተ፣ ሻጩ ከጎኑ ተገኘ፣ ቀብሩም በቅናሽ ሆነ።

የሱቁን ልጅ ብቻ ማሞገስ ግን አድልዎ ነው፤ ዲግሪ የጫኑ ወንድሞች አሉት። እነሱ የመመረቂያ ጽሑፋቸው ሽፋን ላይ «ለኢምቤድድ ቦርድ ሁለተኛ ደረጃ ቡትሎደር መገንባትና ማዋቀር» ብለው በወርቃማ ቀለም ያሳትማሉ። ግንባታው ምን ነበር? ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ዴንክ የጀመረውንና ከ2002 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዩ-ቡት የሚባለውን ክፍት ሶፍትዌር ማውረድ፣ አምራቹ ለማሳያ ቦርዱ ያዘጋጀውን ቅንብር በስሙ መጥራት፣ «ሜክ» ብሎ ቡና መጠጣት። ማዋቀሩስ? የማሳያ ቦርዱን ስም አጥፍቶ የራስን ስም መጻፍ።

ቢግልቦንን የመሰለ ቦርድ ላይ ቺፑ ውስጥ ያለው ራም ትንሽ ስለሆነ መጀመሪያ ኤስፒኤል የምትባል 100 ኪሎባይት ገደማ ሎደር ትገባለች፤ የውጪውን ራም ታስነሳና ትልቁን ዩ-ቡት ትጠራለች። ስለዚህ የራስህን ቦርድ በሌላ ራም ከሠራህ ልኩን አስልተህ ማስገባት ያንተ ፋንታ ነው። ማስላት ግን ጊዜ ያባክናል፤ «ማሳያው ላይ ሠርቷል፣ እኛ ላይ ምን ይከለክለዋል?» ቦርዱ ሐረር ደጋው ላይ ይነሳል፣ ድሬዳዋ ሲወርድ ይወድቃል። ጥፋተኛዋ ድሬዳዋ ናት።

የቀረው ቅንብርም እንዳለ ይቀመጣል። ቦርዱ ሲነሳ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይቆጥራል፤ በዚያ መሀል ኬብል ሰክቶ አንድ ቁልፍ የነካ ሰው ያለ ይለፍ ቃል ሰተት ብሎ ይገባል። እንግዳ ተቀባይነታችን የታወቀ አይደል? የማክ አድራሻውም ለሁሉም ቦርድ አንድ ነው፤ ሁለት ቦርዶች አንድ ስዊች ላይ ሲገናኙ ይጣላሉ፣ ባለሙያው «ዛሬ ኔትወርኩ ጥሩ አይደለም» ይላል። ቅንብሩ ሲቀመጥ መብራት ቢቋረጥ የሚያድን ሁለተኛ ቅጂ ማስያዝ ይቻላል፤ ግን እሱ ጥቂት ኪሎባይት ይፈጃል። በዚህ የኑሮ ውድነት!

ይህን ሁሉ ጥበብ የሚንቅ አንድ ዓይነት ሰው በየሰፈሩ አይታጣም። ሪሲቨር ሲመጣለት ክዳኑን ይፈታል፤ ቦርዱ ላይ የታተመውን ቁጥር በመነጽር ያነባል፤ ስምንት እግር ያላትን፣ «25ኪው32» የተጻፈባትን ቺፕ በመቆንጠጫ ይይዛል፤ 4 ሜጋባይቷን በሙሉ ወደ ላፕቶፑ ይገለብጣል፣ ሁለቴ አንብቦ ያመሳክራል፣ ፋይሉን በቦርዱ ቁጥር ሰይሞ ያስቀምጣል። እስካሁን አንዲት ፊደል እንኳ አልጻፈባትም! ከዚያ ዋናውን ሶፍትዌር ብቻ ይጭናል፣ ቡትሎደሩን አይነካም። አንዳንዴማ «ዕቃህ ደህና ነው፣ ዲሹን አስተካክል» ብሎ በነጻ ይመልሳል። ደንበኛው ተናድዶ ይወጣል፤ ሥራ የማያውቅ ሰው ዘንድ ግማሽ ቀኑን አቃጠለ። ጎረቤት ያለው ልጅ እኮ በሁለት ደቂቃ ይጨርሰው ነበር።

ሲመሽ፣ ሱቆቹ ሊዘጉ ሲሉ፣ ባለ ሁለት ደቂቃው ጎረቤት ሦስት ሪሲቨሮች በፌስታል ይዞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይመጣል፦ «የእነዚህ ኦሪጅናል ፋይላቸው አለህ?» ይሰጠዋል። በማግሥቱ ወረፋው ጎረቤት ጋ ነው።