ለእምቦጭ አበል ይከፈላት

እምቦጭ ነቀላ የወጣ መሥሪያ ቤት ባየሁ ቁጥር ደስታ ይተናነቀኛል። አውቶቡሱ ጣና ዳር ሲቆም መጀመሪያ የሚወርደው ባነሩ ነው፤ ቀጥሎ ካሜራው፣ ከዚያ የታሸገ ውሃው፣ በመጨረሻ ሰው። ቦት ጫማና መንሽ ትዝ ያለው የለም። በአዲስ ነጭ ቲሸርት ማን ጭቃ ይገባል?

ክቡር ኃላፊው እግራቸው እንዳይረጥብ አንዲት እምቦጭ፣ ሥሯ ታጥቦ፣ ደረቅ መሬት ላይ ትቀርብላቸዋለች። ከፍ አድርገው ይዘዋት ፎቶ ይነሳሉ። ምክትላቸው ይቀበሏቸውና ይነሳሉ። ከዚያ ፋይናንስ፣ ግዥ፣ የሰው ሀብት፣ ሾፌሩም ሳይቀር። እስከ ምሳ ድረስ ያቺው አንዲት እምቦጭ በሠራተኛው ቁጥር ልክ ትነቀላለች፤ ሪፖርቱም በዚያው ልክ ይጻፋል። እኔ ይህች እምቦጭ ቋሚ ቅጥር ይገባታል ባይ ነኝ። እንደሷ መስክ ላይ የዋለ የለም፤ አበል ግን ማንም አላሰበላትም። መደብ ይከፈትላት፣ መታወቂያ ይሠራላት፣ ለደረጃ ዕድገትም ትወዳደር። ሁኔታው ሲመቻት በሁለት ሳምንት ገደማ ራሷን እጥፍ ታደርጋለች፤ እንዲህ ያለ አፈጻጸም ያስመዘገበ የትኛው መምሪያ ነው? ጡረታ ብትወጣም ተተኪ አያሳስብም፤ ዘሯ ደለል ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ይበቅላል። ዳይሬክተር ብትሆን ደግሞ ባለጉዳይ «ስብሰባ ላይ ናት» ተብሎ አይመለስም። ሁሌም ቦታዋ ላይ ናት፤ ጣና ላይ ከታየችበት ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አንድም ቀን አልቀረችም።

ከዘመቻው ቲሸርት አታሚውም እንጀራውን ያገኛል። ዓሣ ቤቱም ይደምቃል።

የተነቀለውስ? ውሃው ጠርዝ ላይ ይከመርና ክረምት ሲገባ ሐይቁ ሞልቶ መልሶ ይወስደዋል፤ የጠጡበትንም ፕላስቲክ ጨምሮ። ይሄ ዘመቻ አይደለም፤ ማላገጥ ነው! ደንቢያና ፎገራ ላይ ገበሬው ውሃ ውስጥ ቆሞ ቀኑን ሙሉ በእጁ ሲጎትት ውሏል፤ ቲሸርት የሰጠው የለም። አረሙን የሚያፋፋው ከማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያና ከከተማ የሚወርደው ፍሳሽ ነው። የፍሳሽ ቱቦ ግን ፎቶ ላይ አያምርም።

ጣናን በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት መዝግቦታል፤ ለባነር ጥሩ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ለመጪው ዓመት ወጪ የሚቀንስ ሐሳብ አለኝ። ለምን እዚያ ድረስ ነዳጅ ይቃጠላል? አንዷን በባልዲ አምጥቶ ቢሮው ግቢ ማስቀመጥ ነው። ሠራተኛው በሻይ ሰዓት ተራ በተራ እየወጣ ይንቀላት። አበሉ ግን እንዳለ ይከፈል።