የመጨረሻዋ ተራ ቁጥር

የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ የሥራ መዘርዝር አለው። የት እንዳስቀመጠው ግን ጠይቁት! ፈርሞ ከተቀበለ ወዲህ የሚያስታውሰው ጭቅጭቅ ሲነሳ ነው፤ ያኔም «ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም» ለማለት። መዘርዝሩ ከተራ ቁጥር 1 ጀምሮ ይወርድ ይወርድና መጨረሻው ላይ «ከቅርብ ኃላፊው የሚሰጡትን ሌሎች ተመሳሳይ ሥራዎች ያከናውናል» ይላል። የአሠራር ለውጥ ተብሎ ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ መጣ፣ ካይዘን መጣ፤ ፎርሙ ተቀያየረ እንጂ ይቺ መስመር ንቅንቅ አላለችም። ለስብሰባ ወንበር መሸከም በእሷ ይገባል። ውሃና ቆሎ መግዛት በእሷ ይገባል። ለሠርግ መዋጮ መሰብሰብም እንደዚያው።

መዝገብ ቤት ስሠራ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ይቺን መስመር ሠራተኛው ራሱ ቀድሞ ካልሞላት አለቃው በወንበር እንደሚሞላት ነው።

እኛ መስኮት ላይ ባለጉዳይ ከጠዋት እስከ ማታ የሚጠይቀው ያንኑ ነው፦ «ምን ምን ይዤ ልምጣ?» አንዱ ፎቶ ረስቶ ይመለሳል፤ ሌላው የመታወቂያ ኮፒ። አንድ ቀን በትልልቁ ጻፍኩና በሩ ላይ ለጠፍኩት፦ ማመልከቻ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ 2 ጉርድ ፎቶ። ያዘዘኝ ሰው የለም። ቀድመው ያነበቡት አንዲት እናት ነበሩ። መነጽራቸውን አውጥተው እስከ ታች ከወረዱ በኋላ ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ ምነው ማኅተም የለው?»

ባልደረቦቼ ደግሞ በሻይ ሰዓት ፈረዱብኝ። አንዱ «ሹመት አምሮት ነው» አለ። ሌላዋ «ነገ ሁላችንም ለጥፉ ልንባል ነው» ብላ ተማረረች። አንጋፋው የመዝገብ ቤት ሰው ግን በአባትነት ወግ መከሩኝ፦ «ልጄ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ፋይልህን ያዝ።» አለቃዬም ጠርተው «ማን አዘዘህ?» አሉኝ። ወረቀቱን ግን አላስነሱትም፤ በር ላይ የሚጮኸው ሰው ቀንሶ ነበራ! በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ያቺው ወረቀት «የክፍሉ ምርጥ ተሞክሮ» ሆና ብቅ አለች፤ በሩ ላይ ያለችውም ማኅተም አረፈባት። እኔም «የመረጃ ፎካል ፐርሰን» ተባልኩ። ደመወዙስ ትሉኝ ይሆናል። ፎካል ፐርሰን ደመወዝ የለውም፤ ስም ብቻ ነው። ቢሆንም ወንበር የሚሸከም ሰው ሲፈለግ «እሱን ተዉት፣ መረጃ ላይ ነው» መባል ጀመረ። ይሄ ለእኔ ከጭማሪ አይተናነስም።

ነገሩ በቀልድ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን አስቡ። በልጅነታቸው በምጥ ተጎድተው ለፊስቱላ ሕክምና ወደ ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን የመጡ የገጠር ልጅ ነበሩ፤ ትምህርት ቤት አልገቡም። እዚያው ሆስፒታል ቀሩና አልጋ ማንጠፍ ጀመሩ። ቀስ በቀስ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብተው ማገዝ፣ ሐኪሞቹም እያሳዩ ማስተማር ሆነ፤ በመጨረሻ ራሳቸው የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ ባለሙያ ወጣቸው። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2018 ከመረጣቸው 100 ሴቶች አንዷ ናቸው። የትኛው የአልጋ አንጣፊ መዘርዝር ላይ ነው ቀዶ ሕክምና የተጻፈው? ሐምሊኖችም በጊዜው «ማን አዘዘሽ?» ብለው ቢሆን ኖሮ ስንት ሴት ሳትታከም በቀረች! አለቆች ይቺን ልብ በሉልኝ።

ለእናንተ ለበታቾቹ ደግሞ የምመክረው አጭር ነው። ባለጉዳይን የሚያመላልሰውን፣ ማንም የእኔ ነው የማይለውን ትንሽ ነገር ምረጡ። የተሰጣችሁን ሥራ ሳታጓድሉ ሞክሩት። ለአለቃ ስትነግሩም «ይቺን ሞክሬ ነበር፤ ካልጠቀመች እንተዋት» በሉ፤ ሊተዋት የሚደፍር አለቃ ብዙ አይደለም። ከሁሉ በላይ ግን የሠራችሁትን በደብዳቤ አስይዙ፣ ግልባጩም የግል ማህደራችሁ ውስጥ ይግባ። በምዘና ወቅት ያልተጻፈ ሥራ አልተሠራም።