ቱሪስት ጠፋ? ስብሰባ ይጠራ!

የሐይቅ ዳር መዝናኛዎቻችን እንግዳ ራቃቸው የሚለውን ሐሜት አትመኑ። ይህን የሚያወራ ሰው ቀን ሳይመርጥ ሄዶ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ቢሄድ ኖሮ የመኪና ማቆሚያው በኮድ 4 ታርጋ ተጨናንቆ፣ አልጋው በሙሉ ተይዞ፣ ቡፌው ፊት ሰው ተሰልፎ ባገኘ ነበር። እንግዶቹ አንገታቸው ላይ ባጅ አንጠልጥለዋል። እጃቸው ላይ የጨርቅ ቦርሳ፣ ቦርሳው ውስጥ አንድ ማስታወሻ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ አለ። ከመድረኩ ጀርባ ባነሩ ተወጥሯል፦ «የቱሪስት ፍሰት መቀዛቀዝ መንስኤዎችና የመፍትሔ አቅጣጫዎች»።

ቱሪስት ለምን እንደጠፋ ሊያጠኑ የመጡ ናቸው። ሁለት ሌሊት ያድራሉ፣ ዓሣ ይበላሉ፣ ጀልባ ላይ ፎቶ ይነሳሉ፣ አበላቸውን ፈርመው ይመለሳሉ። ሌላ አገር ይህን የሚያደርግ ሰው ቱሪስት ይባላል፤ እኛ ዘንድ ተሳታፊ ነው። እነሱ ባይኖሩ ስንቱ ሪዞርት በሩን በዘጋ! ስለዚህ የቱሪስቱ መጥፋት ምክንያት እንዳይገኝ አጥብቄ እጸልያለሁ። የተገኘ ዕለት ስብሰባው ይቀራል፤ ስብሰባው የቀረ ዕለት የቀረው ቱሪስትም ያልቃል።

እኔ የምኖረው ቤቴል ነው፤ ኮልፌ ቀራኒዮ፣ የከተማው ምዕራብ ጫፍ። ቤቴል ሐይቅ የለውም፤ ክረምት ሲገባ አንዳንዱ የውስጥ ለውስጥ መንገዳችን ሐይቅ ለመሆን ይሞክራል እንጂ። ነገር ግን ወንጪን ለማየት ከአዲስ አበባ ሰው ሁሉ የቀረብነው እኛ ነን። ላንጋኖ የሚሄድ ሰው ከተማውን አቋርጦ ቃሊቲ እስኪደርስ ግማሽ ቀኑ ያልቃል። እኛ አየር ጤናን አልፈን ዓለምገና፣ ሰበታ፣ ቱሉ ቦሎ፣ ወሊሶ፤ ከወሊሶ ሽቅብ ወንጪ። ወንጪ ደግሞ ተራ ውሃ አይደለም። የእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል። እንዲህ ከሆነ የቤቴል ሰው በየሰንበቱ እዚያ መገኘት ነበረበት። አልተገኘም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሏል ይኼ ነው።

ለምን? ሰፈራችን ውስጥ የሽርሽር ነገር ሲነሳ ቀርቦ ማዳመጥ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው የአልጋ ዋጋ አይደለም፤ «ሐይቁ ያምራል ወይ?» የሚለውም አይደለም። «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» ነው። ከዚያ ስልኩ ይጀመራል። ወሊሶ ዘመድ ያለው ወደ ዘመዱ፣ የጭነት ሹፌር የሚያውቅ ወደ ሹፌሩ ይደውላል። «ትናንት ያለፈ ሰው አለ?» ይባላል። «አለ፤ ግን ዛሬን እንጃ» የሚል መልስ ይመጣል። ይሄኔ አንዷ እናት ነጠላዋን እያስተካከለች «ልጆች ይዘን ነው እኮ፤ ተዉት ይቅርብን» ትላለች። ጉዞው በዚህ አበቃ። እንጦጦ ፓርክ ይኬድና በቆሎ ተበልቶ ይመለሳል።

እንግዲህ ይህች ከአራት ቃል የማትበልጥ ጥያቄ ናት፤ የቤቴል እናት በአንድ ትንፋሽ ትጠይቃታለች። በስብሰባው አጀንዳ ላይ ግን የለችም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

እስቲ ወደ አዳራሹ እንዝለቅ። መርሐ ግብሩ የሚጀምረው ሁለት ተኩል ላይ ነበር፤ አሁን ሦስት ተኩል ሆኗል። የክብር እንግዳው መንገድ ላይ ናቸው ተብሏል። በሦስቱ ቀን ውስጥ መንገድ የሚነሳው በዚች ብቻ ነው። ንግግራቸው እንዳበቃ ሻይ ነው፤ ሳምቡሳው ትኩስ ነው፣ ኩኪሱም አይከፋም። ቀጥሎ ጥናታዊ ጽሑፍ በፓወርፖይንት ይቀርባል። የመጀመሪያው ገጽ «ኢትዮጵያ እምቅ የቱሪዝም ሀብት ያላት አገር ናት» ይላል፤ የመጨረሻውም እንደዚያው። ከምሳ በኋላ የቡድን ውይይት አለ፤ አምስት ቡድን፣ አምስት ፍሊፕ ቻርት። ውጤቱን እነሆ።

ቡድን አንድ፦ የማስተዋወቅ ሥራ ማነስ። መፍትሔው አዲስ መፈክርና አዲስ ሎጎ ነው። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የቱሪዝም ሥራውን ሲጀምሩ «የ13 ወር ጸጋ» አሉና ያቺ መፈክር ንጉሡንም ደርግንም ተሻግራ ግማሽ ምዕተ ዓመት አገለገለች። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ «ምድረ ቀደምት» ተባልን። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ የአውሮፓ የቱሪዝምና የንግድ ምክር ቤት አገራችንን የዓለም ምርጥ የቱሪስት መዳረሻ ብሎ ሸልሟታል። ስለዚህ መፈክር አልጠፋም፤ ሽልማትም አልጠፋም። ሽልማቱ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ግን፣ በ2009 ዓ.ም. መስከረም፣ ላንጋኖ ዳር የነበረው ቢሻንጋሪ ሎጅ በወቅቱ በነበረው ተቃውሞ መሀል በእሳት ጋየ። ላንጋኖ ማለት ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ቢልሃርዚያ የለበትም ተብሎ ሰው ያለ ሥጋት የሚዋኝበት ሐይቅ ነው። ቢልሃርዚያውን አምልጠን በክብሪት ተያዝን። ይህ በፓወርፖይንቱ ላይ አልሰፈረም፤ ምናልባት ለሎጎው ቀለም አይስማማ ይሆናል።

ቡድን ሁለት፦ የአካባቢው ማኅበረሰብ የግንዛቤ እጥረት። መፍትሔው ሥልጠና ነው፤ በዚሁ ሪዞርት፣ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት። ዓሣ አስጋሪው እንግዳ ሲመጣ ፈገግ ማለት ይማራል። ፈገግ የሚልለት እንግዳ በየት በኩል እንደሚመጣ ግን ሥልጠናው አይነግረውም። እንግዳ መቀበል ለኢትዮጵያ ገበሬ በሥልጠና የሚሰጥ ነገር መሆኑን የሰማሁት ከዚህ ቡድን ነው።

ቡድን ሦስት፦ የውጭ ሚዲያ አሉታዊ ዘገባና የኤምባሲዎች የጉዞ ማስጠንቀቂያ። ይኼኛው ሁሌም ጭብጨባ ያገኛል፤ ጥፋተኛው አዳራሹ ውስጥ ስለሌለ። ነገር ግን የቤቴሏ እናት ከወንጪ የቀረችው ሲኤንኤን ተመልክታ አይደለም። እህቷ ወሊሶ ናት፤ ደውላላት ነው።

ቡድን አራት፦ የመሠረተ ልማት እጥረት። ስለዚህ ተጨማሪ ሪዞርት ይሠራ። እዚህ ላይ እንኳ አንታማም። «ገበታ ለሀገር» ሲባል አንድ ገበታ በ10 ሚሊዮን ብር ተሽጦ ለጎርጎራ፣ ለወንጪና ለኮይሻ ገንዘብ ተሰብስቧል። ጎርጎራም በ2016 ዓ.ም. ተመረቀ። ውብ ነው፤ በጣና ዳር እንዲያ ያለ ነገር መሠራቱን የሚጠላ የለም። ሲመረቅ ግን የአማራ ክልል በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ታግተው ተወሰዱ። ያ መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ጣና የሚወስደው መንገድ ነው። ተሰብሳቢው ይህን ባያነሳ አይፈረድበትም፤ እሱ ወደ ጣና የሚሄደው በአውሮፕላን ነው። ሰማይ ላይ ኬላ የለም።

ቡድን አምስት በውይይቱ ሰዓት ጀልባ ላይ ስለነበረ ሪፖርቱን በጽሑፍ እንደሚልክ አሳውቋል።

አምስቱ ፍሊፕ ቻርት ላይ ያልተጻፈውን እኔ ልጻፍ። በ2009፣ በ2010፣ በ2012፣ በ2014ና በ2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጀናል፤ የ2012ቱን ለኮሮና እንተውለት፣ የቀሩት ግን የገዛ እጃችን ሥራ ናቸው። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ፤ ከተማዋ በወራት ውስጥ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተዘዋወረች። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ ሌላ ውጊያ አማራ ክልል ውስጥ ተነሥቶ ወደ ጎንደር፣ ወደ ላሊበላና ወደ ባሕር ዳር የሚደረገው በረራ ለቀናት ቆመ። ታጣቂው መንገድ ይዘጋል፤ አጋቹ በሰው ነፍስ ይደራደራል፤ መንግሥት ደግሞ «የተለመደው እንቅስቃሴ ቀጥሏል» የሚል መግለጫ ያወጣል። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ «ቱሪስቱን ምን ነካው?» ብሎ ፍሊፕ ቻርት መዘርጋት ድፍረት ይጠይቃል። ድፍረቱ ደግሞ አልጎደለንም።

ሰፈራችን አንድ የቱር ሹፌር አለ። ድሮ በላንድክሩዘሩ ጀርመንና ጣሊያን ጭኖ ከላሊበላ ጎንደር፣ ከጎንደር ስሜን ይመላለስ ነበር። የመኪናዋ የጣሪያ መጫኛ ዝጓል፤ እሷ ግን ሥራ አልፈታችም። «አሁን የምጭነው ተሰብሳቢ ነው» አለኝ። «እውነቱን ልንገርህ፣ ከፈረንጅ ይሻላል። ወፍ ላንሳ፣ ዝንጀሮ ላንሳ ብሎ በየመንገዱ አያስቆምህም። ኬላ ላይ ውረዱ ሲሉ ባጁን ያወጣል፣ ያልፋል። አንድ ክፋቱ ደረሰኝ መጠየቁ ነው።» የቱሪስቱ ነገርስ ብዬ ብጠይቀው «ባጅ የለውማ!» ብሎኝ ሳቀ። ሦስት ቀን በፈጀው ስብሰባ ይህን የሚያህል ግኝት አልወጣም።

ሪዞርቶቹን ደግሞ ንጹሕ አድርጌ ላሳልፋቸው አልችልም። እንግዳ ሲጠፋ የእነሱ ብልኃት ያልመጡትን ሰዎች ሒሳብ የመጣውን ማስከፈል ነው። በር ላይ በነፍስ ወከፍ መግቢያ ይከፈላል። የያዝከው የውሃ ኮዳ ይወረሳል፤ ውስጥ ገብተህ በአራት እጥፍ ትገዛዋለህ። ምግቡ ሲመጣ ዋጋው ይታያል፤ ቢሉ ሲመጣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ተደርቦ ሌላ ምግብ የበላህ ይመስልሃል። የውጭ ዜጋ ከሆንክ ከሁሉም በፊት መልክህ ይታይና ዋጋህ በዶላር ይነገርሃል። ተሰብሳቢው ግን ይህ ሁሉ አይነካውም። የሚከፍለው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱን ደግሞ የምንከፍለው እኛ ነን። ማለትም የቤቴሏ እናት ላንጋኖ ባትሄድም የላንጋኖን ሒሳብ ትከፍላለች። ልዩነቱ ዓሣውን የበላላት ሌላ ሰው መሆኑ ነው።

እውነተኛ የውቅያኖስ ዳርቻ ያላት ጎረቤታችን ኬንያም የቱሪስት መጥፋትን አይታለች። እ.ኤ.አ. በሜይ 2014 የእንግሊዝ መንግሥት ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ አስጎብኚ ድርጅቶች ደንበኞቻቸውን ከሞምባሳ በአውሮፕላን ጭነው መለሷቸው፤ በባሕር ዳርቻው ብዙ ሆቴል ተዘጋ። የኬንያ ሹማምንትም ማስጠንቀቂያ አውጪውን ከመውቀስ አልቦዘኑም፤ በዚህስ ይመስሉናል። ሆቴለኞቹ ግን ችግሩን በስሙ ጠርተው ጸጥታ ብለው ጮኹ። በቀጣዩ ዓመት ማስጠንቀቂያው ከአብዛኛው የባሕር ዳርቻ ላይ ተነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የኬንያ መንግሥት ቤተሰብ ይምጣልን ብሎ ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የቪዛ ክፍያ ሰረዘ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ማለት ይኼ ነው። እኛ ከሥሩ ትተን ከባነሩ ጀመርን።

እንግዲህ ስብሰባው ይቅር አልልም፤ የሪዞርቱ አስተናጋጆችም እንጀራ ነውና። ነገር ግን ለሚቀጥለው ዙር አንድ ሐሳብ አለኝ። ስብሰባው ወንጪ ይሁን፤ መነሻው ቤቴል። ተሳታፊው ሁሉ የትዳር ጓደኛውንና ልጆቹን ይዞ፣ ከአየር ጤና በሕዝብ ማመላለሻ ይሳፈር። አጃቢ አይኖርም፣ ባጅ አይኖርም፣ ኮድ 4 አይኖርም። መግቢያውንም፣ ውሃውንም፣ ቢሉንም ከኪሱ ይክፈል። ከመነሣቱ በፊት ባለቤቱ «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» ብላ ስትጠይቀው የሚሰጣትን መልስ በወረቀት ላይ ይጻፈው። ያ ወረቀት የጥናቱ ግኝት ነው፤ ፍሊፕ ቻርት አያስፈልገውም።

መልሱ «አዎ፣ ሰላም ነው፤ ልጆቹን አልብሺ» የሆነ ዕለት ቱሪስት በመፈክር አይጠራም፤ ራሱ ይመጣል። መልሱ ሌላ ከሆነ ግን የሚመለከታችሁ ሁሉ ሎጎውን ተዉትና የትኛው መንገድ ክፍት፣ የትኛው ዝግ እንደሆነ በየሳምንቱ ለሕዝብ ንገሩ፤ የተዘጋውንም ለመክፈት ከዘጋው ጋር ተነጋገሩ። ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ ቢያንስ በእኛ አበል ሐይቅ ዳር ተቀምጣችሁ «ሕዝቡ ለምን አይመጣም?» ብላችሁ አትጠይቁን።